ሐሞት ከረጢትን አታስርቡ፣ አታጥለቅልቁም፦ ገና ለጀመረ የሐሞት ጠጠር የአመጋገብ መመሪያ

በአማርኛ ሐሞት የድፍረት መኖሪያ ነው። የማይፈራውን ሰው «ሐሞተ ኮስታራ» እንለዋለን። የፈራውን «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን። የእኔ ሐሞት የፈሰሰው ግን ስለ ሐሞቴ በተነገረኝ ቀን ነው። ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ልነሳ ሄጄ፣ ባለሙያዋ ስክሪኑን እያየች «ሐሞት ከረጢትዎ ውስጥ ጠጠር አለ፤ ያውቁ ነበር?» አለችኝ። ሦስት ነበሩ። ትልቁ 7 ሚሊ ሜትር።

ያን ቀን ማታ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ቅባት የሚባል ነገር ከቤት አስወጣሁ። ሦስት ሳምንት የተቀቀለ አትክልት ብቻ በላሁ። ቁርስ ተውኩ። 6 ኪሎ ቀነስኩ፤ ሰው «አማረብሽ» ሲለኝ ደግሞ ልቤ አበጠ። ከዚያ አንድ ግብዣ ላይ ተለቀቅኩ። የተጠበሰ ሥጋ፣ ክሬም የሞላበት ኬክ፣ ምኑ ቅጡ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከቀኝ የጎድን አጥንቴ ሥር የተነሳ ሕመም ከእንቅልፌ አስነሳኝ። ተኝቼም፣ ቆሜም፣ ተንበርክኬም አልተወኝም።

ሐኪሙ ታሪኩን ሰምቶ «ሦስት ሳምንት ሙሉ ከረጢቷን ሥራ አስፈቷት፤ ከዚያ የሦስት ሳምንት ሥራ በአንድ ማታ ጫኑባት» አለኝ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያች ንግግር የወጣ ነው።

አንድ ነገር በቅድሚያ። ትኩሳት ካላችሁ፣ ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ወይም ሕመሙ ለሰዓታት አልለቅ ካለ፣ ይህን ማንበብ አቁሙና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ይህ መመሪያ ጠጠሩ ለተገኘበት፣ ግን ምልክት ለሌለው ወይም አልፎ አልፎ ቀለል ያለ ሕመም ለሚሰማው ሰው ነው።

ምግብ የሚችለውና የማይችለው

ጉበት በቀን ከ600 ሚሊ ሊትር እስከ 1 ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመርታል። ከፊሉ በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል። የቀረው ከጉበት ሥር በተለጠፈችው ከረጢት ይጠራቀማል። ከረጢቷ ትንሽ ናት፤ የምትይዘው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ውሃውን እየመጠጠች ሐሞቱን ታወፍረዋለች።

ቅባት ያለው ምግብ የትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ ሲደርስ፣ አንጀቱ ኮሌሲስቶካይኒን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ሆርሞኑ ለከረጢቷ የተላከ መልእክት ነው፦ «ጭመቂ»። ከረጢቷ ትኮማተራለች፣ ሐሞቱ ይወርዳል፣ ቅባቱን ይበታትነዋል።

ሐሞት ውስጥ ኮሌስትሮል አለ። ኮሌስትሮል በውሃ አይሟሟም። ሳይዘቅጥ የሚጓዘው የሐሞት ጨውና ሌሲቲን የሚባል ቅባት ተሸክመውት ነው። ኮሌስትሮሉ ከተሸካሚዎቹ አቅም በላይ ሲሆን፣ ወይም ከረጢቷ ሳትጨመቅ ብዙ ስትቆይ፣ ጥቃቅን ክሪስታሎች ይፈጠራሉ። ክሪስታሎቹ ከከረጢቷ ንፍጥ ጋር ተቀላቅለው እንደ አተላ ይዘቅጣሉ። ጠጠሩ የሚጀምረው ከዚህ አተላ ነው።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። አንዴ የጠጠረውን ድንጋይ የሚያሟሟ ምግብ የለም። ጭማቂም፣ ቅጠልም፣ ሎሚም አያሟሟውም። ምግብ የሚችለው ሦስት ነገር ነው። ሕመም የሚቀሰቅሱ ቀናትን ይቀንሳል፤ ከረጢቷ በየቀኑ በልክ እንድትጨመቅ ያደርጋል፤ አዲስ ጠጠር የሚፈጠርበትን ሁኔታ ያዳክማል። ገና አተላ ከሆነ ደግሞ ተስፋው ሰፋ ይላል፤ መነሻ ምክንያቱ ሲወገድ አተላ በራሱ ሊጠፋ ይችላል። በእርግዝና ጊዜ የሚፈጠረው ለምሳሌ ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

የሚያጽናናም ነገር አለ። ጠጠር ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ምንም አይሰማቸውም። ምልክት የሌለው ጠጠር በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም።

ደረጃ 1፦ ምን እንዳለባችሁ በትክክል እወቁ

«ጠጠር አለ» የሚለው ብቻ አይበቃም። የአልትራሳውንድ ውጤቱን ወረቀት ያዙና ሐኪሙን ጠይቁ። ስንት ነው? ትልቁ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? አተላ ነው ወይስ የጠጠረ? የከረጢቷ ግድግዳ ወፍሯል? የሐሞት ቱቦው ሰፍቷል?

ስለ መጠኑ ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ያስባል። ትንሽ ጠጠር ሲባል «እፎይ» ይላል። ትንሿ ግን ከከረጢቷ ወጥታ ቱቦው ውስጥ መሰንቀር ትችላለች። ያን ጊዜ ቆሽት ሊቆጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ «4 ሚሊ ሜትር ናት፣ ምንም አትል» ብላችሁ አትዘናጉ።

ዓይነቱም ለውጥ ያመጣል። በብዙ አገር በብዛት የሚገኘው የኮሌስትሮል ጠጠር ነው፤ አመጋገብ በይበልጥ የሚነካውም እሱን ነው። ቀይ የደም ሴሎች ከልክ በላይ በሚፈርሱበት በሽታ፣ በጉበት መጠንከር ወይም በሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን ምክንያት የሚመጡ ጠቆር ወይም ቡኒ ያሉ ጠጠሮችም አሉ። እነሱ ላይ የምግብ ለውጥ ያለው ጉልበት አነስተኛ ነው። ዋናው ሕክምና የሥር ምክንያቱ ላይ ይሆናል።

ደግሞ የሚሰማችሁ ሕመም በእርግጥ ከጠጠሩ ነው? የሐሞት ሕመም የራሱ ጠባይ አለው። ከሆድ የላይኛው ክፍል መሀል ወይም ቀኝ ይነሳል። ወደ ቀኝ ትከሻ ወይም ወደ ጀርባ ይሄዳል። ይጠነክርና እዚያው ይቆያል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት። ብዙ ጊዜ ከከባድ ምግብ በኋላ ወይም ሌሊት ይመጣል። ቃርና የሆድ መነፋት ብቻቸውን ግን የጨጓራም ሊሆኑ ይችላሉ። በተቃራኒው ለዓመታት «ጨጓራዬ ነው» እያሉ መድኃኒት የዋጡ፣ መጨረሻ ላይ ጠጠር የተገኘባቸውም አሉ። የደረት ሕመም፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ከታከሉበት ደግሞ ልብን አስቡ። ቤት ቁጭ ብላችሁ አትገምቱ።

ደረጃ 2፦ ለሁለት ሳምንት ጻፉ

ምንም ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ደብተር ያዙ። ምን በላችሁ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል፣ ከዚያ ምን ተሰማችሁ። በቃ። ስልክ ላይም ይሆናል፤ እኔ ግን ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ደብተር ይሻለኛል፤ ስልክ ላይ የጻፍኩትን ተመልሼ አላየውም።

ለምን ይጠቅማል? የአንዱን ሰው የሚቀሰቅሰው ሌላውን ላያሳምመው ስለሚችል ነው። እኔን እንቁላል ያመኛል ብዬ ለወራት ተውኩት። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። ያመመኝ እንቁላሉ አልነበረም፤ የተጠበሰበት ዘይት ነበር። የተቀቀለው አንድ ቀንም አላመመኝም። ሳይጽፉ የሚከለክሉ ሰዎች መጨረሻ ላይ የሚበሉት ያጣሉ።

ደረጃ 3፦ ዘይቱን ለኩ

ከሁሉም በላይ ለውጥ ያየሁት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

አንድ ቀን ለአራት ሰው ወጥ ልሠራ ስል ዘይቱን ድስቱ ላይ ከማፍሰሴ በፊት ባዶ ብርጭቆ ላይ አፈሰስኩት። እጄ በለመደው መጠን፣ ሳላስብ። ከዚያ ብርጭቆውን በሾርባ ማንኪያ እየቀዳሁ ቆጠርኩ። ስምንት ማንኪያ ሆነ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል ቅባት አለው። ለአራት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 28 ግራም፤ ያውም ከሥጋው፣ ከአይቡ፣ ከሌላው በፊት። «እኛ ቤት ዘይት አይበዛም» ስል የኖርኩት እኔ ነኝ።

የእናንተንም እጅ እንዲሁ ፈትኑት። ሳታጭበረብሩ። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ማንኪያ ቀንሱ። በአንድ ጊዜ ከስምንት ወደ ሁለት ብትወርዱ ምግቡ አይጥማችሁም፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ትተዉታላችሁ። እኔ ሦስት ማንኪያ ላይ ቆምኩ። ለአንድ ሰው ወደ 10 ግራም ይደርሳል።

ሽንኩርቱ በትንሽ ዘይት ያራል ብላችሁ አትስጉ። በመጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ክዳኑን ገጥማችሁ፣ እሳቱን ቀንሳችሁ አቁላሉት። መያዝ ሲጀምር አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ሲለሰልስ ዘይቱን ጨምሩ። ዘይቱ መጨረሻ ላይ ሲገባ ጣዕሙ ላይ ላዩን ይቀመጣል፤ ያነሰ መሆኑን ምላስ አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ስንት ግራም ይበላ? በየገበታው ከ10 እስከ 15 ግራም ቅባት ለብዙ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ቀኑን ሙሉ ከ40 እስከ 50 ግራም አካባቢ ይሆናል። ቁጥሩን ለማሰብ እነዚህ ይረዳሉ፦ አንድ እንቁላል 5 ግራም ያህል ቅባት አለው። አንድ ብርጭቆ ያልተገፈፈ ወተት 8። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 12 ገደማ። አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ፣ ማለትም 30 ግራም፣ 14 ወይም 15። ግማሽ አቮካዶ 15 አካባቢ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ከ5 ትንሽ ያነሰ። 100 ግራም ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ደረት ግን 4 እንኳን አይሞላም።

ወደ ዜሮ አትውረዱ። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ስለሆነ። ቅባት ካልመጣ ሆርሞኑ በደንብ አይለቀቅም። ሆርሞኑ ከሌለ ከረጢቷ በደንብ አትጨመቅም። ያልተጨመቀ ሐሞት ይወፍራል፣ ይዘቅጣል። በቀን ቢያንስ አንዱ ገበታ 10 ግራም ያህል ቅባት ይኑርበት። በተጨማሪም ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገቡም።

የታሸገ ነገር ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። በ100 ግራም ውስጥ 3 ግራም ወይም ከዚያ በታች ቅባት ካለው ዝቅተኛ ነው። ከ17.5 ግራም በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ብስኩት ላይ ስታዩት ትደነግጣላችሁ። ደረቅ ነገር ስለሆነ ቅባት የሌለው ይመስላል።

ደረጃ 4፦ ቅባቱን ቀይሩት

መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ ዓይነቱ ይመጣል። ጮማ ሥጋ፣ የዶሮ ቆዳ፣ ቋሊማ፣ ክሬም፣ ብዙ ቅቤ፣ በጥልቅ ዘይት የተጠበሰ ነገር ሁሉ ይቀንስ። በምትኩ የወይራ ወይም ሌላ ፈሳሽ የአትክልት ዘይት፣ ዓሣ፣ ለውዝና ኦቾሎኒ ይግቡ። ጥብስ ካማራችሁ በምድጃ ወይም በደረቅ መጥበሻ ሞክሩ።

ለውዝን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ በነርሶች ላይ የተጀመረ በጣም ትልቅ ክትትል አለ። እዚያ ውስጥ በሳምንት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ አንድ እፍኝ ለውዝ መሰል ነገር የሚበሉ ሴቶች፣ ከማይበሉት ይልቅ ለሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የመዳረግ ዕድላቸው በሩብ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ግን አንድ እፍኝ ነው። ፊልም እያዩ አንድ ሳህን መጨረስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የእፍኙን ቅባት ከላይ አይታችሁታል።

«የኮሌስትሮል ጠጠር ከሆነማ ኮሌስትሮል ያለበትን ሁሉ ልተው» የሚል አለ። ነገሩ እንዲያ ቀጥ ያለ አይደለም። ሰውነታችን ውስጥ ያለውን አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ራሱ ሰውነት ነው፣ በተለይም ጉበት። ከአንድ እንቁላል ይልቅ ትርፍ ክብደት፣ ስኳርና በደም ውስጥ የበዛ ትራይግሊሰራይድ የሚባል ቅባት የበለጠ ያሳስቡኛል።

ደረጃ 5፦ ሰዓት አክብሩ

ከረጢቷ ሰዓት ትወዳለች። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በየቀኑ ተቀራራቢ ሰዓት ላይ። ትልቅ ገበታ የሚከብዳችሁ ከሆነ ወደ አራት ወይም አምስት ትንንሽ ከፋፍሉት።

ከሁሉም የሚበልጠው ቁርስ ነው። ከእራት እስከ ቁርስ ያለው ጊዜ ሐሞት ሳይነካ የሚቀመጥበት ረጅሙ ሰዓት ነው። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ በልታችሁ በማግሥቱ እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ምንም ካልቀመሳችሁ፣ ያ 18 ሰዓት ነው። ሐሞቱ 18 ሰዓት ሲወፍር ዋለ ማለት ነው። ክብደት ለመቀነስ ሲሉ በቀን አንዴ ብቻ መብላት አሁን ፋሽን ሆኗል። ጠጠር ለሌለው ሰው የራሱ ምርጫ ነው። ጠጠር ላለበት ግን ሐኪሙን ሳያማክር ባይሞክረው እመርጣለሁ። በሌላ ምክንያት ለረጅም ሰዓት ሳትበሉ የምትቆዩ ከሆነም ጉዳዩን ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ ስትፈቱ ደግሞ በትንሽ ነገር ጀምሩ። ባዶ ሆድ ላይ የወረደ ቅባታም ትልቅ ገበታ የታወቀ ቀስቃሽ ነው።

ቁርስ ከባድ መሆን የለበትም። አጃ በወተት፣ ላዩ ላይ ጥቂት ለውዝ። ወይም አንድ የተቀቀለ እንቁላል ባልተፈተገ ዱቄት ዳቦ። በቂ ነው።

እራትን ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት አስቀድሙ። ቀለል አድርጉት።

ደረጃ 6፦ ፋይበሩን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ

ጉበት የሐሞት ጨውን አንዴ ተጠቅሞ አይጥለውም። ከትንሹ አንጀት መጨረሻ መልሶ ይወስደዋል፤ በቀን ብዙ ጊዜ ያዞረዋል። እንደ አጃ፣ ምስር፣ ባቄላና ፖም ያሉ ምግቦች ውስጥ ያለው የሚሟሟ ፋይበር ከዚህ ከሚዞረው ጥቂቱን ይይዝና ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል። ጉበትም የጎደለውን ለመተካት ኮሌስትሮል ያወጣል። የሐሞት ጨው ራሱ የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነውና። ፋይበር አንጀትንም ያፈጥናል፤ ድርቀት ይቀንሳል።

ግቡ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ብቻውን 15 ግራም ያህል ይሰጣል። አንድ ፖም ከነልጣጩ 4። የቀረውን አትክልትና ያልተፈተገ እህል ይሞላዋል።

ግን ተጠንቀቁ። ትናንት ነጭ ዳቦ ሲበላ የነበረ ሰው ዛሬ ሁለት ሳህን ባቄላ ቢበላ ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል። ከዚያ «ሐሞቴ ተነሳ» ብሎ ይደነግጣል። በየሦስት አራት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ፣ ውሃም አብሮ ይጨመር። ጥራጥሬውን ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉት፤ ጋዙ ይቀንሳል።

ደረጃ 7፦ ስኳርና ነጭ ዱቄት

ቅባቱን የቀነሰ ሰው ሳያውቀው እዚህ ይወድቃል። ዘይት ሲተው በለስላሳ፣ በብስኩትና በነጭ ዳቦ ይጠግባል። ስኳርና የተፈተገ ዱቄት ሲበዙ ጉበት ትርፉን ወደ ቅባት ይለውጠዋል፤ በደም ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ ይጨምራል፣ ሐሞቱም በኮሌስትሮል ይሞላል። ከለስላሳው ጀምሩ፤ አንድ ጠርሙስ መተው ከሁሉም ይቀላል። «ቅባት የሌለው» ተብሎ የተጻፈበት ጣፋጭ እርጎም ውስጥ ስንት ስኳር እንዳለ እዩ።

ደረጃ 8፦ ክብደት ካለ፣ በቀስታ

ትርፍ ክብደት ጠጠር ያመጣል። በፍጥነት መክሳትም ጠጠር ያመጣል። ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ይሻላል?» ይላል፤ እኔም ብያለሁ። መልሱ ፍጥነቱ ላይ ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ብትቀንሱ ደህና ነው። ከ1.5 ኪሎ በላይ ሲሆን አደጋው ይጨምራል። በፍጥነት ስንከሳ ጉበት ከሚቀልጠው ቅባት ጋር ብዙ ኮሌስትሮል ወደ ሐሞት ይልካል። የምንበላው ጥቂት ስለሆነ ደግሞ ከረጢቷ አትጨመቅም። ሁለቱ ሲገናኙ አተላ ይሆናል። የእኔን 6 ኪሎ በሦስት ሳምንት አስታውሱ።

በቀን 800 ካሎሪና ከዚያ በታች የሚያስበሉ ዕቅዶችን ያለ ሐኪም ክትትል አትንኩ። ሰሞኑን የበዙት የክብደት መቀነሻ መርፌዎች፣ ሴማግሉታይድን የመሳሰሉት፣ የሐሞት ከረጢት ችግር የመጨመር ዕድል አላቸው። ከመጀመራችሁ በፊት «ጠጠር አለብኝ» ብላችሁ ተናገሩ። አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ በመክሳቱ ወራት ጠጠር የሚከላከል መድኃኒት አብሮ ያዛል።

በአብዛኛው ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድም ይጠቅማል። ጂም አያስፈልግም።

የሚጠጣውስ?

ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጠጠር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። ቡና ግን ከረጢቷን ያኮማትራል። ስለዚህ ጠጠር ላለበት አንዳንድ ሰው ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። ደብተራችሁን እዩ፤ ካላመማችሁ ጠጡ፣ ካመማችሁ ተዉ። ውሃ በበቂ ይጠጣ፤ ግን ጠጠሩን ጠርጎ ያወጣል ብላችሁ አትጠብቁ። የሐሞት ጠጠር እንደ ኩላሊት ጠጠር በሽንት አይወጣም፤ መንገዱ ሌላ ነው። ለጠጠር ይበጃል ብሎ አልኮል መጀመር ደግሞ ቆሽትን ማስቆጣት ነው።

የወይራ ዘይትና ሎሚ ነገር

ይህ ወሬ ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ብዙ የወይራ ዘይት ከሎሚ ጋር ይጠጣል፣ በማግሥቱ አረንጓዴ ጠጠሮች ይወጣሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሰራጫል። ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አንዲት ሴት ያመጣቻቸውን እንዲህ ያሉ «ጠጠሮች» የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት አውጥቶ ነበር። ኮሌስትሮል አልነበሩም። በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ቀለጡ፤ 75 በመቶው የቅባት አሲድ ነበር። የጠጣችው ዘይት ራሱ ሆድ ውስጥ ተለውጦ እንደ ሳሙና ረግቶ የወጣ ነው። የእሷ እውነተኛ ጠጠር ከረጢቷ ውስጥ ነበር፤ በኋላ በቀዶ ሕክምና ወጣ።

የማይጠቅም ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን ያን ያህል ዘይት በአንድ ጊዜ መጠጣት ከረጢቷን ባለ በሌለ ኃይሏ ያስጨምቃታል። ትንሿ ጠጠር ቱቦ ውስጥ ብትሰነቀር መዘዙ ብዙ ነው። አትሞክሩት።

የተነሳባችሁ ቀን

ሕመሙ ከመጣ መብላት አቁሙ። ውሃ በትንሽ በትንሹ ይበቃል። «ባዶ ሆድ ሆኖ ነው» ብላችሁ ወተት አትጠጡ፤ ወተት ቅባት አለው፣ ከረጢቷን እንደገና ያስጨምቃታል። ሐኪም ያዘዘላችሁ ማስታገሻ ካለ ውሰዱ። ሰዓቱን ጻፉ፤ ጀመረ፣ አቆመ።

ሲለቃችሁ በቀጣዮቹ አንድ ሁለት ቀናት ቀለል ያለ ብሉ። ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ የአትክልት ሾርባ፣ ሙዝ። ከዚያ ዶሮ ወይም ዓሣ ያለ ዘይት። በሦስተኛው ቀን አካባቢ ትንሽ ዘይት መልሱ። ሳምንቱን ሙሉ ፈርታችሁ አትቀመጡ፤ ፍርሃቱ ወደዚያ ዜሮ ቅባት ይመልሳችኋል።

ጊዜ የማይሰጡ የአደጋ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ከአምስት ሰዓት በላይ የዘለቀ ሕመም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት። የዓይን ወይም የቆዳ ቢጫ መሆን። የጠቆረ ሽንት፣ የነጣ ሰገራ። የማያቆም ትውከት። ከመካከላቸው አንዱ ከታየ በዚያው ሰዓት ሂዱ፤ ሌሊትም ቢሆን።

ከሦስት ወር በኋላ

ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። ስንት ጊዜ አመማችሁ? ከበፊቱ አነሰ? ምንም ካልተሰማችሁ እንደያዛችሁት ቀጥሉ።

ሕመሙ እየተመላለሰ ከሆነ ግን በምግብ ብቻ ለመወጣት አትታገሉ። አንድ ጊዜ ያመመ ጠጠር ደግሞ የማመም ጠባይ አለው። ቀዶ ሕክምና ለማይችሉ ወይም ለማይፈልጉ፣ ጠጠሩም ትንሽና ካልሲየም ያልያዘ ኮሌስትሮል ከሆነ፣ ኡርሶዲኦል የሚባል ጠጠሩን የሚያሟሟ የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ይወሰዳል። ከሟሟ በኋላ ግን በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህሉ ሰው ላይ ይመለሳል። ከረጢቷ ያው ናትና።

ካርል ላንገንቡክ የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1882 በርሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከረጢቷን ራሷን ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነበር። ከእሱ በፊት ከረጢቷን ከፍቶ ጠጠር መልቀም ነበር የሚታወቀው። ከአንድ መቶ ሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ኤሪክ ሙሄ የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ሆድን በሰፊው ሳይከፍት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ መመልከቻ መሣሪያ (በላፓሮስኮፒ) አወጣት። ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ብዙ ሰው በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ቤቱ ይገባል።

የእኔ ደብተር አሁን ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሁለት ጊዜ «አመመኝ» ይላል። ከዚያ ወዲህ አንዴ። የወንድሜ ሠርግ ማግሥት።